ሶፋውን ቀደደችው ብላችሁ ድመቷን አትምቷት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ድመትና ግቢ ያላት ድመት ኑሯቸው አንድ አይደለም፣ የግቢዋ አጥር ትወጣለች ዛፍ ትቧጭራለች አይጥ ታድናለች፣ የኛዋ ግን ያላት ሶፋና መጋረጃ ብቻ ነው፣ ከዛ ቀደደች ተብላ ስትመታ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ለክፋት እኮ አይደለም! ስትቧጭር የጥፍሯን አሮጌ ሽፋን ታራግፋለች፣ ሰውነቷን ታፍታታለች፣ ከመዳፏ በሚወጣው ሽታ ደግሞ ቦታው የኔ ነው ትላለች።

መፍትሄው ውድ አይደለም፣ የራሷን መቧጨሪያ ምሰሶ መስራት ነው። ወፈር ያለ የባህር ዛፍ አጣና፣ የቃጫ ገመድ፣ ለመሰረቱ ከእንጨት ቤት የተረፈ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ፣ ምስማር፣ በቃ። ገመዱን አጣናው ላይ ከታች ጀምሮ ክፍተት ሳይኖረው አጥብቆ መጠምጠም ነው፣ ምስማሩ ደግሞ ጫፉ እንዳይወጣ እስከ መጨረሻው ይመታ፣ መዳፏ እንዳይጎዳ። ቁመቱ ተንጠራርታ እንድትቧጭር ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደስ ይላል፣ ግን ከሁሉም በላይ መሰረቱ ሰፊና ከባድ ይሁን፣ ከተወዛወዘባት ትሸሸዋለች። የምታስቀምጡትም ጓዳ ሳይሆን እሷ የለመደችው ሶፋ አጠገብ ነው።

ከዛ ከፍታ። ድመት ከላይ ሆና ስታይ ነው የምትረጋጋው፣ ስለዚህ መስኮት አጠገብ ሁለት ሶስት መደርደሪያ በደረጃ መልክ ግድግዳው ላይ ምቱላት፣ እርግብ እያየች ትውላለች፣ መስኮቱ ላይ ግን ጠንካራ የሽቦ መረብ የግድ ነው፣ ከፎቅ የሚወድቁ ድመቶች አሉ። ሁለት ድመት ካላችሁ መውጫና መውረጃው ለየብቻ ይሁን፣ አንዷ ሌላዋን እንዳትዘጋባት።