የወንድሜ የኧርሊ መልስ

ታናሽ ወንድሜ በኧርሊ ዲሲዥን (ቀድሞ አመልክቶ፣ ከተቀበሉኝ እገባለሁ ብሎ ቃል በሚገባበት መንገድ) ያመለከተበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትናንት ማታ መልሱን ለቀቀ፣ አልተቀበሉትም። ዲፈር ቢያደርጉት (ውሳኔውን ለሌላ ጊዜ ቢያቆዩት) እንኳን ፋይሉ ከሬጉላሩ፣ በመደበኛው ጊዜ ከሚያመለክቱት ጋር እንደገና ይታይ ነበር፣ ይሄ ግን በቃ ለዘንድሮ ተዘጋ ማለት ነው።

እማዬ ከስራ ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነበር፣ ደብዳቤውን አንብቦ ሳይጨርስ ፊቱን አይታ ገባት። "አይዞህ የኔ ጌታ፣ እንጀራህ ሌላ ቦታ ነው" አለችው። አንድ ጉርሻ ከእጇ ተቀብሎ ክፍሉ ገባ።

እኔን ያናደደኝ ስልኩ ነው፣ ዘመዱም ጎረቤቱም "ምን ሰማችሁ?" እያለ ይደውላል። እባካችሁ ዲሴምበር ላይ ልጆቹን አትጠይቋቸው፣ ሲፈልጉ ራሳቸው ይነግሯችኋል። እነ ሃርቫርድ እኮ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳን አይቀበሉም፣ ኤ ብቻ ያመጡ ልጆች በሺዎች ይመለሳሉ፣ ታዲያ "ምን አጎደለ?" ማለት ልጁን ከማቁሰል በቀር ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ይዤው ሄድኩ፣ የብዙዎቹ የሬጉላር ዴድላይን ጃንዋሪ መጀመሪያ ስለሆነ ጊዜ የለም። ኤሴው ላይ (ከማመልከቻው ጋር ስለራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ) አባዬ ከሌሊት ታክሲ ፈረቃ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ የሒሳብ የቤት ስራ የሚያሳየውን ጽፏል፣ "ይሄ ነው ያስጣለኝ፣ ልሰርዘው" አለኝ። እንዳትነካው አልኩት፣ ከጻፈው ሁሉ የሱ ድምፅ ያለው እዛ ጋ ነው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና መጨረሻውን ብቻ አስተካክሎ ለሁለት ትምህርት ቤት ላከው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይሉን (የገንዘብ እርዳታ መጠየቂያውን ፎርም) ነገ ከእማዬ ጋር እንጨርሳለን።