የቶዮታ 22 አር ቤንዚን ሞተር በናፍጣው ሃይሉክስ ላይ፤ ትልቁ ፈተና ካርቡራቶሩን ለሐረጎ ዳገት ማስማማት

ሃይሉክሱ 6 ኩንታል ጭኖ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሳይንተፋተፍ ወጣ። ደሴ ላይ ካንዴላዎቹ ሲፈቱ አራቱም የቡና ቀለም ይዘዋል፤ የአየሩና የነዳጁ ድብልቅ ልክ ነው ማለት ነው። ሞተሩን መግጠሙ ቀላሉ ሥራ ነበር፤ ነዳጁን ከአየር የሚደባልቀው ካርቡራቶሩ ነው ያስቸገረው፤ ስለዚህ ጽሑፉም ወደዚያው ያደላል።

የወጣው 2 ኤል ናፍጣ ነው፣ 2446 ሲሲ። የገባው 22 አር፣ 2366 ሲሲ። ይህ ሞዴል በሁለቱም ሞተር ስለተሸጠ የሞተር ሱፖርት፣ ቮላኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖና ራዲያተር ከቤንዚኑ መኪና ይገኛል። ሞተሩን ለብቻው አትግዙ፤ ከነካምቢዮው ግዙ። የናፍጣውን ካምቢዮ በቶርኖ ቤት አዳፕተር ለማጋጠም የሚሞክር ሰው አለ፤ እኔ አልመክርም። አዳፕተሩ ትንሽ ከመሐል ከሳተ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ብዙ አይቆይም። የካምቢዮው ርዝመት ከተለየ ካርዳኑም ይለካ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስላለ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

ሰርባቶዮው፣ ማለትም የነዳጅ ታንኩ፣ ወርዶ ይታጠብ። ናፍጣ ቤንዚን ውስጥ ሲቀር ሞተሩን ያስመታል፣ ካንዴላም ያጠቁራል። ቤንዚን ገብቶበት የነበረ ሰርባቶዮ ቢያፈስ እንኳ እሳት እንዳይነካው፤ ባዶው ከሙሉው ይብሳል፣ የሚፈነዳው የቤንዚኑ ትነት ነውና። የጎማ ቱቦዎቹ በአዲስ ይተኩ። የናፍጣው መመለሻ መስመር ግን እንዳይነቀል፤ የ22 አር ፖምፓም መመለሻ አለው። የኤሌክትሪክ ፖምፓ የምትጠቀሙ ግፊቱ ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ የካርቡራቶሩን መርፌ እየገፋ ያጥለቀልቃል።

ለካንዴላዎቹ እሳት ለሚሰጠው ቦቢና መብራት ፍለጋ ዳሽቦርድ ማፍረስ አያስፈልግም። የናፍጣ ፖምፓው ላይ ነዳጅ የሚዘጋው ሶሌኖይድ ሽቦ ቁልፉ ሲከፈትም ሞተሪኖ ሲዞርም ኤሌክትሪክ አለው፤ ለቦቢና የሚፈለገው ይኸው ነው። ከዚሁ መስመር ለካርቡራቶሩ የሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት) ሶሌኖይድም ሽቦ ይሂድ። ይህች ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ ካላገኘች ሞተሩ ጋዝ ሲረገጥ ይሠራል፣ እግር ሲነሣ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ካርቡራቶር የሚለውጠው በዚች አንድ ሽቦ ምክንያት ነው። የናፍጣውን ሞተር ሲነሣ የሚያሞቀው የካንዴሊታው ሪሌ ከነሽቦው ይውጣ።

አሁን ወደ ካርቡራቶሩ። ነዳጅ የሚስበው የአየሩ ፍጥነት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ አይቀንስም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተመጠነ ጂግለር፣ ማለትም ነዳጁን መጥኖ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ናስ፣ ደሴ ላይ ድብልቁን 13 በመቶ ያህል ያወፍረዋል። ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ9 እስከ 10 በመቶ ነው። ምልክቱ ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ የዘይት መለኪያው ላይ የቤንዚን ሽታ። ሽታውን አትናቁት፤ ቤንዚን ዘይቱን እያቀጠነ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ሲሊንደር ይበላል።

በጣም የሚያናድደኝ መፍትሔ ጂግለር መብሳት ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲደክም «ነዳጅ አንሶታል» ተብሎ ቀዳዳው ይሰፋል። ያነሰው ግን አየር ነው፤ ሲሰፋ ይብስበታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ በላይ ማጣቱ የማይቀር ነው፤ ያንን የሚመልስ ጂግለር የለም።

ጂግለር ከመነካቱ በፊት ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ይለቅ። የቫልቮላ ክፍተት ሞተሩ ሲሞቅ መግቢያው 0.20፣ መውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። የካንዴላ ክፍተት 0.8። የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2። ካርቡራቶሩ ፊት ባለው መስታወት የነዳጁ ከፍታ ነጥቡ ላይ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ተንሳፋፊው ይስተካከል። ቾኩ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ በዓይን ይታይ። እነዚህ ሳይጠሩ ጂግለር የሚቀይር ሰው ሁለት ስሕተት ያደራርባል።

ቀጥሎ ሒሳቡ። ለደሴ ፍሰቱ 12 በመቶ ይቀንስ ከተባለ የቀዳዳው የገጽ ስፋት እንጂ ወርዱ (ዲያሜትሩ) አይደለም 12 በመቶ የሚቀንሰው፤ ወርዱ 6 በመቶ ያህል ብቻ ይቀንሳል። ለምሳሌ 1.15 ሚሊ ሜትር የነበረ 1.08 ይሆናል። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ስለሆነ በግምት አይሠራም። ትክክለኛው መንገድ ያነሰ ቁጥር ያለው ጂግለር መግዛት ነው። እዚህ መኪና ላይ ያለው ግን ስላልተገኘ በቀለጠ ቆርቆሮ ተደፍኖ እንደገና የተበሳ ነው። ይሠራል፣ ግን የቀዳዳው አፍ እንደ ፋብሪካው የለሰለሰ ስላልሆነ ለማንም አልመክረውም። አንዳንድ 22 አር የከፍታ ማካካሻ ቫልቭ ይዞ ይመጣል፤ ከፍታ ላይ ተጨማሪ አየር ወደ ካርቡራቶሩ ያስገባል። ካገኛችሁት ቱቦዎቹን እየደፈናችሁ አትጣሉት።

መኪናው በባቲ አድርጎ ሚሌ የሚወርድ ከሆነ ግን ለደሴ አትመጥኑ። ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለደሴ የተመጠነ ጂግለር እዚያ 10 በመቶ ያህል ይሳሳል፣ በዚያ ሙቀት ጭነት ይዞ ቫልቮላ ያቃጥላል። የወፈረ ድብልቅ ቤንዚን ያባክናል፣ የሳሳ ሞተር ይገድላል። በሁለቱም መንገድ የሚሠራ መኪና ለኮምቦልቻ ተመጥኖ ደሴ ላይ ትንሽ ቢያጨስ ይሻላል።

ሾፌሮች ይህን ልብ በሉልኝ። የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀለው የ2 ኤል ሰርቮ አየሩን የሚስብለት ዲናሞው ጀርባ ያለው ቫኩም ፖምፓ ነበር። የ22 አር ዲናሞ ይህ የለውም፤ ሰርቮው ከመግቢያ ማኒፎልድ፣ ማለትም ድብልቁ ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚገባበት ቱቦ፣ ይሳባል። ቱቦው ሲሳብ የማይጨማደድ፣ የአንድ አቅጣጫ ቫልቩም የሚሠራ ይሁን። ባሕር ጠለል ላይ በሚኒሞ 18 ኢንች የሜርኩሪ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 10 ገደማ ነው የሚያሳየው፤ ፔዳሉ ከበፊቱ ይከብዳል። ሐረጎን በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) መውረድ በናፍጣውም ጥፋት ነበር፤ በቤንዚኑ ግን ሰርቮውም አብሮ ይደክማል። በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ እግር ከጋዝ ሲነሣ ማኒፎልዱ በደንብ ይስባል፣ ሞተሩም ራሱ ይይዛል።

የራዲያተር ክዳንም አዲስ ይሁን፤ ግፊቱን የሚይዘው እሱ ነው። ደሴ ላይ ግፊት የሌለው ውኃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል፤ የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ደግሞ ሊከፈት የሚጀምረው 88 ላይ ነው።

በየቀኑ ከባድ ጭነት የሚያነሣ መኪና ያለው ሰው ናፍጣውን ቢያድስ ይሻለዋል፤ የቤንዚን ወጪው አይለቀውም። በዚህኛውም ያልተፈታ አንድ ነገር አለ፤ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ላይ 10 ደቂቃ ቆሞ ሲነሣ ሞተሪኖው ብዙ ይዞራል። ከፍታ ላይ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን ካርቡራቶሩ ውስጥ እየፈላ ይመስለኛል። ከካርቡራቶሩ ሥር ያለው ሙቀት ከልካይ ንጣፍ ተሰንጥቋል፤ ቀጥሎ የሚለወጠው እሱ ነው። እስከዚያው ጋዙን ሙሉ ረግጦ፣ ፔዳሉን ሳይመላልሱ፣ ማስነሣት ይሠራል።