ባለጋዜጣው ለሥልጣን ሲወዳደር፦ የሄርስት ካርቱኖች አነባበብ

አሜሪካዊውን የጋዜጣ ባለቤት ዊልያም ራንዶልፍ ሄርስትን በካርቱን መሳል ቀላል አልነበረም። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ለመሳል ጥርስና መነጽር ይበቃል፤ ሁለቱን ያስቀመጠ ሠዓሊ የቀረውን ፊት ባዶ ቢተወው እንኳ አንባቢ አይስተውም። ሄርስት ግን ጢሙን የተላጨ፣ ፊቱ ረዘም ያለ፣ ፀጉሩን መሐል ለመሐል የከፈለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ በየቢሮው ይገኝ ነበር። ሠዓሊዎቹ መላ ያገኙት በልብስ ነው፤ አንዴ ቢጫ የሌሊት ቀሚስ፣ አንዴ ገለባ የተጠቀጠቀበት የወፍ ማስፈራሪያ ልብስ፣ አንዴ የቤተ መንግሥት ቀልደኛ ቆብ አለበሱት። ካርቱኖቹን ማንበብ የሚፈልግ ሰውም ከልብሱ ቢጀምር ይሻለዋል።

ከሥዕሉ በፊት ግን የምርጫ ቀኖቹን መያዝ ያስፈልጋል (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሄርስት በ1863 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። በ1887 የአባቱን ጋዜጣ ኤግዛሚነርን ተረከበ፤ በ1895 ኒው ዮርክ ጆርናልን ገዛ። ከ1903 እስከ 1907 የኮንግረስ አባል ነበር። በ1904 የዴሞክራቶች ዕጩ ፕሬዚዳንት ለመሆን ተነሥቶ በአልተን ፓርከር ተበለጠ። በ1905 ለኒው ዮርክ ከንቲባነት፣ በ1906 ለግዛቱ አገረ ገዢነት፣ በ1909 እንደገና ለከንቲባነት ተወዳድሮ ሦስቱንም ተሸነፈ። ብዙዎቹ ካርቱኖች ከእነዚህ ዘመቻዎች በአንዱ ዙሪያ የወጡ ናቸው፤ ቀኑ ካልታወቀ ቀልዱም አይገባም።

ነገሩን ከሌሎች ፖለቲከኞች ካርቱን የሚለየው፣ ካርቱን የተባለውን የጦር መሣሪያ ለኒው ዮርክ ዕለታዊ ፖለቲካ ያሾለው ራሱ ሄርስት መሆኑ ነው። በ1896 ምርጫ ሆመር ዳቬንፖርትን ከካሊፎርኒያ አምጥቶ የሪፐብሊካኖቹን ዕጩ ፕሬዚዳንት የማኪንሊን ዘመቻ የሚመራውን ማርክ ሃናን አሳለበት። ዳቬንፖርት ሃናን ከላይ እስከ ታች የዶላር ምልክት የታተመበት ሙሉ ልብስ አለበሰው፤ ሃና ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ልብስ አልወጣም። በ1897 በሴናተር ቶማስ ፕላት የሚመራው የኒው ዮርክ ሪፐብሊካን ወገን፣ ያለ ፈቃድ የሰውን ካርቱን ማሳተም የሚከለክል ረቂቅ እስከ ማቅረብ ደረሰ፤ ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ፍሬድሪክ ኦፐር ደግሞ በ1894 ፐክ በተባለው መጽሔት ላይ ገንዘብ ከካዝናው የሚተርፈውን የጋዜጣ ባለቤት ስሎ ሲያላግጥ የነበረ ሰው ነው። ያ ሥዕል የሄርስትን ተፎካካሪ፣ የወርልድ ጋዜጣን ባለቤት ጆሴፍ ፑሊትዘርን የሚያስታውስ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ኦፐር በሄርስት ደመወዝተኝነት ተቀጠረ። ሄርስት ካርቱኒስት ሲገዛ ዋጋ አይከራከርም ነበር፤ ስለዚህም የሚያላግጡበት ሠዓሊዎች የሚገኙት ገና ባልገዛቸው ቤቶች ውስጥ ነው።

ቢጫው ቀሚስ የመጣው ከዚሁ የግዢ ፉክክር ነው። ሪቻርድ አውትኮልት በፑሊትዘር ወርልድ ጋዜጣ ላይ ራሱ የተላጨ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ቢጫ የሌሊት ቀሚስ የለበሰ የድሃ ሰፈር ልጅ ይስል ነበር፤ ልጁ የሚናገረው ቀሚሱ ላይ ይጻፋል። በ1896 ሄርስት አውትኮልትን ወሰደው። ፑሊትዘር ልጁን በሌላ ሠዓሊ፣ በጆርጅ ለክስ አስቀጠለ። በአንድ ከተማ ሁለት ቢጫ ልጆች ሆኑ ማለት ነው። ሊዮን ባሪት ሰኔ 29 ቀን 1898 ቪም በተባለ መጽሔት ላይ ያወጣው ካርቱን ይህንን ነው የተጠቀመበት፤ ሁለቱ አሳታሚዎች ቢጫ ቀሚስ ለብሰው፣ ጦርነት የሚለውን ቃል የሠሩ ትልልቅ የፊደል ብሎኮችን ከሁለት ወገን እየገፉ ይታገላሉ። ጢም ያለው ፑሊትዘር ነው፤ ያለ ጢም ያለው ሄርስት። ወሩን ልብ በሉ፤ ከስፔን ጋር የተደረገው ጦርነት ከተጀመረ ሁለት ወር አልፏል። ሥዕሉ ጦርነቱ ሊመጣ ነው አይልም፤ ጦርነቱ የማነው ተብሎ እንደሚናጠቁት ነው የሚያሳየው። ይህንን ሥዕል ሁለቱ ሰዎች ጦርነቱን እንደፈጠሩት ማስረጃ አድርገው የሚለጥፉት ብዙ ናቸው፤ ሥዕሉ ያንን አይሸከምም።

የ1906ቱ ዘመቻ ለካርቱኒስቶች ድግስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሄርስት ታማኒ ሆል ከተባለው፣ የኒው ዮርክ ከተማን ዴሞክራቶች ከሚቆጣጠረው የፖለቲካ ድርጅት ጋር ተጣልቶ በራሱ ድርጅት ለከንቲባነት ቆሞ፣ በ3,500 ድምፅ ገደማ ልዩነት ብቻ በጆርጅ ማክሌላን ተሸንፎ ነበር። ድምፄ ተሰረቀ ሲል በጋዜጣው የታማኒን አለቃ ቻርልስ መርፊን የእስረኛ ባለ መስመር ልብስ አልብሶ አሳለው። ዓመት ሳይሞላው ያው መርፊ የዴሞክራቶችን ዕጩነት ሲሰጠው ተቀበለ። ተቃዋሚዎቹ አዲስ ነገር ለመፍጠር መጨነቅ አልነበረባቸውም። በዚያ ዓመት ሥዕሎች ላይ ባለ መስመር ልብስ የለበሰ ወፍራም ሰው ከሄርስት አጠገብ ካያችሁ፣ ቀልዱ በመርፊ ላይ ሳይሆን ያንን ልብስ ባሰፋለት ሰው ላይ ነው።

ደብሊው ኤ ሮጀርስ ግን ከዚያ የተሻለ አገኘ። ጥቅምት 27 ቀን 1906፣ ምርጫው አሥር ቀን ሲቀረው፣ ሃርፐርስ ዊክሊ በተባለው መጽሔት ላይ ሄርስትን የወፍ ማስፈራሪያ አድርጎ ጭቃ ውስጥ ተከለው። የኦዝ ጠንቋይ የተባለው የልጆች ታሪክ በ1903 ኒው ዮርክ ውስጥ ለመድረክ በቅቶ ስለነበር፣ አእምሮ የሌለውን የገለባ ሰው የማያውቅ የከተማ አንባቢ አልነበረም። የሥዕሉ ርዕስም «ኦዝ» የሚለውን ስም «ኡዝ» ወደሚለው፣ በእንግሊዝኛ ጭቃ ማለት ወደሆነው ቃል ያጠጋዋል። የሮጀርስ ብልሃት ግን ርዕሱ ላይ አይደለም። የገለባው ሰው ራሱ ምንም አይጎዳም፤ የሚያሰጋው የቆመበት ጭቃ ነው፤ ጭቃው ደግሞ የጋዜጣው ይዘት ነው። ሰውየውን ባዶ አድርጎ ኃይሉ ያለበትን ቦታ ለየ።

ከዚያ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ኅዳር 1፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤሊሁ ሩት ዩቲካ ላይ በሩዝቬልት ስም ቆሞ፣ በ1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ የተገደለበትን ጥይት ከሄርስት ጋዜጦች ቅስቀሳ ጋር አያያዘው። ሄርስት በሪፐብሊካኑ ቻርልስ ኢቫንስ ሂውዝ በ58,000 ድምፅ ገደማ ተሸነፈ። ከእርሱ ጋር በዴሞክራት ዝርዝር የቀረቡት ሌሎቹ ግን በሙሉ አሸነፉ፤ ኒው ዮርክ ከተማም ውስጥ ሄርስት ራሱ በልጦ ነበር። ይህንን ያነሣሁት ለካርቱኖቹ ከሚገባቸው በላይ ምስጋና እንዳይሰጥ ነው። ፐክና ሃርፐርስ በ10 ሳንቲም የሚሸጡ የመካከለኛው መደብ መጽሔቶች ነበሩ። የሄርስት ጋዜጣ ደግሞ የታወቀው በ1 ሳንቲም በመሸጥ ነው። ሄርስትን የሚመርጠው ሠራተኛ ሮጀርስን አያየውም፤ ሮጀርስን የሚያየውም ቀድሞውኑ ሄርስትን አይመርጥም።

ከሁሉም በላይ ጠጋ ብሎ መታየት ያለበት የኤል ኤም ግላክንስ ሥራ ነው፤ የሠዓሊው የዊልያም ግላክንስ ወንድም ነው። ፐክ ጥቅምት 12 ቀን 1910 አወጣው። ከሁለት ወር በፊት፣ ነሐሴ 9፣ ሄርስትን በ1909 ያሸነፈው ከንቲባ ዊልያም ጌይነር ሆቦከን ወደብ መርከብ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከከተማው ሥራ የተባረረ ሰው አንገቱን በጥይት መትቶት ነበር። ከንቲባው ከሞት ተርፎ ነገሩን በሄርስት ጋዜጦች አመካኘ። በሥዕሉ ላይ ሄርስት የቀልደኛ ልብስ ለብሶ ጋዜጣ ለሕዝብ ይበትናል። በየጋዜጣው ላይ መርዝ፣ የተጣመመ ዜና፣ የግል ቂም፣ በሐቀኛ ባለሥልጣናት ላይ የሚደረግ ዘመቻ የሚሉ ርዕሶች ተጽፈዋል። ከሚሻሙት መሐል አንዱ በባንዲራ ከተሸፈነ መድረክ ላይ የሚናገር ፖለቲከኛን ይገድላል።

እስከዚህ ያለው የተለመደ ውንጀላ ነው። ዓይናችሁን ወደ ግራ አድርጉ። እዚያ በደንብ የለበሱ ሰዎች የገንዘብ ከረጢት ተሸክመው ወደ ሄርስት ማተሚያ ማሽን ይገለብጣሉ፤ በየሰው ላይ መለያ ተለጥፏል፦ ለልጆቹ የሳቅ ገጽ የሚገዛ አባት፣ ነጋዴ፣ የሚታለል ለውጥ ፈላጊ፣ ማስታወቂያ አስነጋሪ፣ ጨዋ ዜጋ። የፐክን አንባቢ ማለት ናቸው። ከሥዕሉ ሥር ያለው የጌይነር ቃልም ጨዋ ሰዎች እነዚህን ጋዜጦች አናይም ቢሉ ነገሩ ወዲያው ይስተካከላል ወደሚለው የሚያዘነብል ነው። ግላክንስ የ10 ሳንቲሙን አንባቢ ራሱን ወንጀሉ ውስጥ አስገብቶታል፤ የሮጀርስ ጭቃ ይህንን አያደርግም። ለእኔ ከሄርስት ካርቱኖች ሁሉ የሚበልጠው በዚህ ነው። ቀልደኛውን ብቻ ቆርጦ የሚለጥፍ ሰው የሥዕሉን ግማሽ ክስ ይጥለዋል።

ስለ አሠራሩም ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። በዚያ ዘመን የዕለት ጋዜጣ ካርቱን በቀለም ብዕር በወፍራም ነጭ ካርቶን ላይ ከሚታተምበት መጠን አስፍቶ ይሳል ነበር፤ ፎቶ ተነሥቶ እየጠበበ ወደ ዚንክ ሰሌዳ ይዛወር፣ አሲድም መስመር ያልሆነውን ይበላው ነበር። ግራጫ የሚባል አልነበረም፤ ጥላ የሚወጣው በተደረደሩ መስመሮች ነበር። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ሲጠብቡ ይጣበቃሉ፣ ሻካራው ወረቀት ቀለሙን ያሰፋዋል፣ ውጤቱ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። የዳቬንፖርት ሥዕሎች ግዙፍና ገላጣ የሆኑት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ሳምንታዊው ፐክ ግን በባለ ቀለም ሊቶግራፊ፣ ማለትም ሥዕሉ ሰሌዳ ላይ ሳይቀረጽ በቅባታማ ቀለም በሚታተምበት ዘዴ ይሠራ ነበር። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሰሌዳ ስላለው ብዙ ሰው በጥቃቅን መለያዎች ሊሞላ ይችላል፤ ዋጋው ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ሳምንታዊ ካርቱን ትናንት ለሆነ ነገር መልስ የማይሰጠው። መጽሔቱ ላይ የታተመው ቀን ሥዕሉ የተሳለበት ቀን እንዳልሆነ አትርሱ።

የፐክን ቅጂዎች የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ አስቀምጧል። በሰው ስም ብቻ ከፈለጋችሁ የተዘበራረቀ ነገር ይመጣል፤ ስሙን ከዓመቱ ጋር አድርጉ፣ ያም የምርጫው ዓመት ይሁን። ስክሪን ላይ የሚታየውን ትንሹን ምስል ትታችሁ ትልቁን ፋይል አውርዱ፤ በትንሹ ላይ መለያዎቹ አይነበቡም። ጽሑፉ አሁንም ካስቸገረ ከምስሉ ጋር ያለውን መግለጫ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች መለያዎቹን ገልብጠው ጽፈውታል። ከዚያ የሠዓሊውን ፊርማ፣ የመጽሔቱን ስምና ቀን አመሳክሩ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ ሌላ ቦታ ላይ የተቆረጠ ቅጂ ሊሆን ይችላል።

አንድ ድንበር ደግሞ አለ። በ1917 ፐክን ራሱ ሄርስት ገዛው፤ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ተዘጋ። ከግዢው በኋላ በወጡት እትሞች ውስጥ በሄርስት ላይ የሚያላግጥ ሥዕል እፈልጋለሁ ብላችሁ ጊዜ አታባክኑ።