የቅሬ ድስትና የመሸኛ ደብዳቤ

ተፈናቃይ ወደ ከተማችሁ ሲመጣ ከድስት በፊት ደብተር አዘጋጁ። ይህን በ2013 ዓ.ም. ክረምት የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት አዛውንት ከቢሮ በር ላይ ከመቆም በዳነ ነበር። ደሴ ነው የምኖረው፤ የአንድ ሰፈር ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ጸሐፊ ነኝ። በእኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ይጻፋል፣ በአንድ ድንኳን ይለቀሳል።

የሰሜኑ ጦርነት ከትግራይ ወደ ደቡብ ሲገፋ ከቆቦ፣ ከወልድያና ከመርሳ የወጣው ሕዝብ በአይሱዙ፣ በባጃጅ፣ ያልቻለውም በእግሩ ወደ እኛ ጎረፈ። ትምህርት ቤቶች ሞሉ። ማብሰሉ ቀላሉ ሥራ ነበር፤ ድስቱም፣ ሰሃኑም፣ ድንኳኑም ከቅሬው ዕቃ ቤት ወጣ። አንድ ምክር ብቻ ልስጥ፦ ሁሉንም የጾም አብስሉ። ሽሮ፣ ምስርና ንፍሮ ከሆነ ማን አረደው የሚል ጥያቄ አይነሳም፤ ወሩም ፍልሰታ ነበር። ሠንጋ ልጣል ብሎ የመጣ ነጋዴ ገንዘቡን ለዘይትና ለሽሮ እህል እንዲያደርገው ለምነን ትንሽ ተቀየመን። ይቀየም።

የተበላሸው ምዝገባው ነው። የእርዳታ ዱቄትና ዘይት የሚሰጠው በስም ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ ያሉት ደግሞ በትምህርት ቤቶቹ ያደሩት ብቻ ነበሩ። በየቤታችን ያስጠጋናቸው ሰዎች እንዲመዘገቡ ስንጠይቅ የቢሮው ሠራተኛ ቀና ሳይል «ከቀበሌያቸው መሸኛ ያምጡ» አለ። የትኛው ቀበሌ? ጥይት እየዘነበበት የወጡበት ቀበሌ! ማኅተሙ የት እንደገባ፣ ሊቀመንበሩም በሕይወት መኖሩን የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ስነግረው «መመሪያው ነው» አለኝ። መመሪያውን አሳየኝ ስለው ኃላፊው ጋ ነው አለ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ።

እኔ ቤት ያረፉ አንዲት የቆቦ እናት ነበሩ። መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የወጡት። ቋጠሮውን ለመፍታት ጣታቸው አልታዘዝ ብሎ ረዳኋቸው። ሠራተኛው ገልበጥ አደረገና «እናቴ፣ ይህ ጊዜው አልፎበታል» አላቸው። «ልጄ፣ ጊዜውስ ያለፈብኝ እኔ ነኝ» አሉት። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም፤ አልመዘገባቸውምም።

የቅሬውን ደብዳቤ ይዘን ሄድን፦ ዳኛው፣ ማለት የቅሬው መሪ፣ የፈረሙበት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ እነዚህ ቤተሰቦች እዚህ እዚህ ቤት አርፈዋል የሚል። የቅሬ ማኅተም ሕጋዊ አይደለም ተባልን። ለስብሰባ ጥሩምባ አስነፉ፣ መዋጮ ሰብስቡ ሲሉን ግን ሕጋዊ ነበርን! እርግጥ ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው ነበር፤ አልክድም። አንድ አጭበርባሪ ዱቄት እንዳይደግም ተብሎ አሥር እናት ባዶ እጇን የምትመለስበትን አሠራር ግን ዛሬም አልቀበለውም።

በመጨረሻ ችግሩን የፈታው ሕግ አይደለም። ያ ሠራተኛ ተቀየረና በቦታው የተቀመጠችው ልጅ ያንኑ ደብዳቤ ተቀብላ መዘገበቻቸው። ሌላ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ኋላ ላይ አንድ የሕግ መምህር እንዳስረዳኝ ኢትዮጵያ በአገር ውስጥ ለተፈናቀሉ ሰዎች ጥበቃ የወጣውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች። አንቀጽ 13 መንግሥት ተፈናቃዮችን እንዲመዘግብ ያዛል፤ የጠፋ ሰነድ ለመተካትም ወደ ቀድሞ መኖሪያ ተመልሶ ማስረጃ እንደማምጣት ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ያኔ ባውቅ ኖሮ አንቀጹን በትልቁ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ እለጥፍለት ነበር።

ሰዎቹን በአንድ ማዕከል ሰብስቡ፣ ለቁጥጥር ይመቻል የሚል ምክርም ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። በቤት ያረፈ ሰው ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ይቀመጣል፤ በረካው እስኪጠጣና ዱዓው እስኪደረስ የጠፋ ዘመዱን ወሬ ይሰማል፣ ሥራ የሚያገናኘው ሰው ያገኛል። የቆቦዋ እናት የጠፋ የልጅ ልጃቸው ኮምቦልቻ መኖሩን የሰሙት ከእንዲህ ዓይነት ቡና ላይ እንጂ ከማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም።

በድስቱ ዙሪያ ከእኛ ጋር እንጀራ ስትጋግር የነበረች የትግራይ ተወላጅ ጎረቤትም አለችን። ከእሷ እጅ አንበላም የሚል ሹክሹክታ ሲነሳ ዳኛው ከእንጀራዋ ቆርሰው ጎረሱና «ያልፈለገ ይጹም» አሉ። የእሷም ወንድም በጦርነቱ የት እንደገባ አይታወቅም ነበር። በሻይ ቤት ተቀምጦ የሌላውን ልጅ ወደ ግንባር የሚሸኝ ሰው እሷንና የቆቦዋን እናት ጎን ለጎን ቢያያቸው እወድ ነበር፤ አንዱ ጦርነት ነው ሁለቱንም ያስለቀሳቸው።

በጥቅምት 2014 ደሴ በትግራይ ኃይሎች ስትያዝ ተራው የእኛ ሆነ። ተፈናቃዮቹን የመዘገብኩበትን ደብተር ብብቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ያስጠጉን ሰዎች መሸኛ አልጠየቁንም። ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ዳግም በመንግሥት እጅ ስትገባ ተመለስን፤ የቅሬው ዕቃ ቤት ተሰብሮ ድስቶቹ ተወስደው ነበር። በደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ስልክ ጽፌ ስለነበር ግን የተበታተኑትን ብዙዎቹን አገኘናቸው። የራሳቸውን ስልክ ብቻ አትጻፉ፤ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ከጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም የሰው መፈናቀል አላበቃም፤ ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ከዚያም በኋላ በደቡብ ወሎ ነበሩ። ስለዚህ የቅሬውን መተዳደሪያ ደንብ አሻሻልን፦ ተፈናቅሎ በሰፈራችን ያረፈ ቤተሰብ መግቢያ ሳይከፍል አባል ይሆናል፤ ወርኃዊ መዋጮውን አቅሙ ሲፈቅድ ይጀምራል፤ ሐዘን ቢደርስበት እንደማንኛችንም ድንኳን ይተከልለታል። ሁሉም አልተስማማም። አንዱ አንጋፋ አባል የስንት ዓመት መዋጮዬ ለእንግዳ ሊውል ነው ብሎ ስብሰባውን ረግጦ ወጣ። እስካሁን በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታዬን አይመልስም፤ መዋጮውን ግን በየወሩ በልጁ እጅ ይልካል።