እግረ እርጥብ

ውኃ መጣች። ያውም ቅዳሜ፣ ያውም በቀን፣ ያውም በፀሐይ። በኛ ሰፈር ይሄ ብቻውን ሰውን እልል ሊያስብል ይገባ ነበር። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ፊቴ አልፈታ ብሎኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ባታውቁት ይሻላል።

እንዲህ ሲያደርገኝ ከባድ ነገር አጥባለሁ። ትልቁን ብርድ ልብስ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩና ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁበት። ብርድ ልብስ በእጅ አይታሽም፤ በእግር ይረገጣል። ስረግጥ፣ ስረግጥ፣ የሆነ ሰው የረገጥኩ ያህል ቀለል አለኝ። በመሀል ስልክ ጠራ። ከሳፋው ወጥቼ እየተንጠባጠብኩ በደረቁ ሲሚንቶ ላይ ሄድኩ። ዞር ስል ዱካዬን አየሁት።

ዱካ እንኳን አይባልም። ሲሚንቶው ላይ ሙልሙል ዳቦ የተደረደረ ነው የሚመስለው። የሰው ዱካ መሀሉ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ተረከዙና የጣቶቹ ሥር የሚገናኙት በቀጭን መስመር ነው። የኔ ከተረከዝ እስከ ጣት አንድ ወጥ ነው። በሕይወቴ ሙሉ የሆነ ነገር ቢኖር ይሄ ውስጥ እግሬ ብቻ ነው።

ነጋዴ ጠዋት የገባለት ደንበኛ ገበያ ሲያመጣለት «እግረ እርጥብ» ይለዋል አይደል? እኔን እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ እግሬ የምር ረጥቦ አየሁት። ሜዳ ነው።

ስልኩ የታናሼ ነበር። ያ ጩጬዋ፣ ሦስት ዓመት የሞላው፣ እግሩ ጠፍጣፋ ነው ብለዋታል። ማን እንዳላት አልገባኝም፤ ጎረቤት መሰለኝ። «አንቺን ነው የወረሰው» አለችኝ፣ ብድሯን እንደምትጠይቅ ሰው። ለጠፍጣፋ እግር የሚሆን ልዩ ጫማ የሚሸጥበት ቦታ ጠቁመዋታል። ዋጋውን ስትነግረኝ ሳፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ተይ!» አልኳት። በዚህ ጉዳይ እኔ ልምድ አለኝ።

ሰባት ዓመቴ ላይ ያንን ጫማ ገዝተውልኛል። ቡናማ፣ ድርቅ ያለ፣ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚታሰር ቡት። ክፍሉ ሁሉ ሸራ ጫማ አድርጎ ይሮጣል፤ እኔ ዘብ እንደቆመ ወታደር ቀጥ ብዬ አያለሁ። ከዚያ በፊት «ዳክዬ» ነበር የሚሉኝ። ከቡቱ በኋላ «ሻምበል» ሆንኩ። ዕድገት ነው እንግዲህ። ሁለት ዓመት አደረግኩት። እግሬ አደገ እንጂ አልጎበጠም።

ብዙ ቆይቼ ነው የተረዳሁት። በ1989 (በፈረንጆቹ) አሜሪካኖች አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። እግራቸው ጠፍጣፋ የሆነ ትናንሽ ልጆችን ከፋፈሏቸው። ለአንዳንዶቹ ልዩ ጫማ፣ ለአንዳንዶቹ በጫማ ውስጥ የሚገባ ድጋፍ ሰጡ፤ የቀሩትን ዝም አሏቸው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ተከታተሏቸው። የሁሉም እግር በዕድሜ ትንሽ ትንሽ ተሻሻለ፤ ጫማ የተደረገለትና ያልተደረገለት ግን ልዩነት አልነበረውም። እኔ ቡቱን ሳስር ይሄ ነገር ታትሞ ዓመታት አልፈውታል። ማን ይንገራቸው።

ለታናሼ ይሄን ሁሉ በስልክ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ካርዷም ያልቃል። አሳጥሬ ነገርኳት። ሲወለድ ሁሉም ሕፃን እግሩ ጠፍጣፋ ነው። ውስጥ እግሩ ስብ ነው፣ ጅማቱም ገና አልጠነከረም። ቅስቱ፣ ማለትም መሀሉ ላይ ወደ ላይ የሚጎብጠው፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ስድስት ዓመት አካባቢ የብዙዎቹ ይታያል፤ እስከ አሥር የሚቆይም አለ። ሕንድ አገር በ1992 ከ4 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው 2,300 ልጆች ታይተው፣ ጫማ ከሚያደርጉት ከመቶ 8.6፣ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት ግን ከመቶ 2.8 ብቻ ነበሩ ጠፍጣፋ የተገኙት። «ስለዚህ ጫማ ከምትጨምሪለት ያለውን አውልቂለትና ግቢ ውስጥ ይሩጥ» አልኳት።

አላመነችኝም። ታላቅ እህት በስልክ አትታመንም።

«እሺ ብስኩት አለሽ? ጠረጴዛው ላይ አድርጊና አምጣ በይው» አልኳት። አደረገች። ልጁ በጣቶቹ ቆሞ ሲንጠራራ ከኋላው ጎንበስ ብላ እንድታይ ነገርኳት። ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ጆሮዬን እስኪያመኝ ጮኸች። «ወጣ! መሀሉ ወጣ!»

ይኸው ነው ነገሩ። በጣት ሲቆም ቅስቱ ከታየ እግሩ ተጣጣፊ ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲታጠፍ ውስጥ እግር ላይ የተዘረጋው ጅማት እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ቅስቱን ያነሳዋል። ልጁን ካላመመው፣ ካላነከሰ፣ ሕክምና አያስፈልገውም። በጣትም ቆሞ ሜዳ ሆኖ የሚቀር፣ ደረቅ ያለ፣ ወይም የሚያም ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው፤ አጥንቶቹ የተጣበቁ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሐኪም ማየት አለበት። ብስኩቱን በላ ወይ? አልጠየቅኩም።

ካደግኩ በኋላም የኔን መጀመሪያ ያወቀብኝ ሐኪም አልነበረም። መንገድ ዳር ጫማ የሚሰፋልኝ ሰውዬ ነው። አንድ ቀን ሁለቱንም ጫማ ገልብጦ አየና «እህቴ፣ አንቺ ጫማሽን ወደ ውስጥ ነው የምትበይው» አለኝ። እውነቱን ነው። ተረከዙ በውስጥ በኩል እንደ ሳሙና አልቋል። የሰው ብዙውን ጊዜ በውጭ በኩል ነው የሚያልቀው። በሃያ ብር ነገር ይሄን የመሰለ ምርመራ!

ሐኪም ጋ የሄድኩት ቆይቶ፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ምስማር የረገጥኩ ያህል ተረከዜን ሲወጉኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዤ መቆሜም አልረዳኝም። ዶክተሯ ልጅ ነገር ናት። በጣቴ አቆመችኝ። «ቅስት አለሽ፤ ስትቆሚበት ነው የሚደበቀው» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የሌለኝ የመሰለኝን ነገር እንዳለኝ የነገረችኝ እሷ ናት። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ ግን ቅስት ልታወጣልኝ እንደማትሞክር ነገረችኝ። የሚታከመው ቅርጹ ሳይሆን ሕመሙ ነው። ሶል አዘዘችልኝ፤ ጫማ ውስጥ እስካለ ድረስ ያሳርፈኛል፣ ሳወጣው እግሬ የድሮው ነው። ባቴን ግድግዳ ተደግፌ መሳብ። በጣቶቼ መቆምና ቀስ ብሎ መውረድ። መሬት ላይ ፎጣ ዘርግቶ በጣት መሰብሰብ። ክብደት መቀነስ (ይህቺን በለሆሳስ ነው ያለቻት)። በየቀኑ። ቡና እስኪፈላ በጣቴ ብቆም እንኳ ይበቃኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሠራሁት። ቡና ግን በየቀኑ እጠጣለሁ።

ወንድሜ ስለ እግሬ በተነሳ ቁጥር አበበ ቢቂላን ይጠራብኛል። በ1960 ሮም ላይ፣ ባዶ እግሩን፣ በ2:15:16። አንቺ ከታክሲ ወርደሽ ቤት ለመድረስ ታለቅሻለሽ ይለኛል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያው አበበ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 መግባቱን ግን አያነሳም። ሦስት ደቂቃ! እኔ አንስቼበት አውቃለሁ። ርዕስ ቀየረ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሳፋዬ ልመለስ ስል እማዬ ደጅ ወጥታ አየኋት። በርጩማው ላይ ተቀምጣ እግሯን የተረፈው ውኃ ውስጥ ከታለች። ሁሉንም ሰምታለች ማለት ነው። «የአባትሽ እግር ነው» አለች፣ ድሮም እንደምትለው። የሱን እግር በየማታው ስታጥብ የኖረች እሷ ናት፤ ታውቀዋለች። እኔ ፊቱን፣ ሳሉን፣ የኮቱን ሽታ አስታውሳለሁ። ውስጥ እግሩን ግን አላስታውስም። አይቼው የማውቅ አይመስለኝም።

እማዬ ተነሳችና በሲሚንቶው ላይ ወደ ቤት ሄደች። ዱካዋን አየሁት። ቀኙ ያምራል፤ ገጠር አድጋ በባዶ እግሯ የወጣች የወረደች ሰው እግር ነው፣ መሀሉ ወደ ውስጥ ገባ ያለ። ግራው ሙልሙል ነው።

«እማዬ፣ እስቲ ቁሚ!»

ከኋላዋ ቁጢጥ ብዬ አየሁ። ግራ እግሯ ወደ ውጭ ዞሯል፤ በውጭ በኩል ከቀኙ የሚበልጡ ጣቶች ይታያሉ። ቁርጭምጭሚቷ ከውስጥ በኩል አበጥ ብሏል። ግድግዳ አስይዤ በግራው ብቻ በጣትሽ ቁሚ አልኳት። ተረከዟ ከመሬት አልተነሳም። ሳቀች። «በዚህ ዕድሜዬ ጭፈራ ልታስተምሪኝ ነው?» አለችኝ።

ይሄ እንደኔ አይደለም። የኔ አብሮኝ ያደገ ነው። የሷ በኋላ የመጣ ነው። ከቁርጭምጭሚት በስተኋላ ዞሮ ቅስቱን እንደ ልጓም የሚይዝ ጅማት አለ። እሱ ሲላላና ሲያልቅ ቅስቱ ይወርዳል። ከአርባ በላይ በሆኑ ሴቶች ይበዛል፤ ክብደት፣ ስኳርና ግፊት ያባብሱታል። እማዬ ሦስቱም አሏት። ቶሎ ከተያዘ በድጋፍ፣ በዕረፍትና በፊዚዮቴራፒ ይያዛል። ከቆየ ይደርቃል፤ ያኔ ወሬው ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል። ስኳር ያለበት ሰው እግር ደግሞ ነገ ዛሬ የሚባልበት አይደለም።

«መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ምኑ?»

«እብጠቱ።»

«እሱማ ቆየ። ወጌሻው በቅቤ ያሽልኛል፤ ሻል ይለኛል።»

አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ዓመቱን ሙሉ የራሴን ተረከዝ ሳለቅስ ቡና ይዛልኝ የምትመጣው በዚያ እግር ነው። ሰኞ እንሂድ አልኳት። ሰኞ ማኅበር አለኝ አለች። ማክሰኞ? ማክሰኞ «እናያለን» አለች። የእማዬ «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ እናት ያላችሁ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ስለ ጅማቱ ላነብ ገባሁ። አንዱ አንዱን እየሳበ መሸ። አሁን ይሄን የምጽፈው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ለምን እንደተናደድኩ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ጠፋኝ። ቆይ፣ ሌላም የረሳሁት ነገር አለ እያልኩ ነበር።

ብርድ ልብሱ! እስከነ ሳሙናው ሳፋ ውስጥ ነው። ውኃዋ ሄዳለች። በዚህ ብርድ ዛሬ ምን ለብሼ ነው የምተኛው?