ውሃውን የሚያስጠጣው ጨው ነው

ዛሬ ዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ክፍል ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎ ጨምሮ የተገኘው ሁሉ «ኧረ ውሃ አልጠጣሁም!» ሲል ዋለ። ሽሮውስ? ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ይደገማል። ጨው ያስጠማል፣ የተጠማ ይጠጣል፣ 1 ሊትር ፈሳሽ 1 ኪሎ ነው። 4 ኪሎ ጨምሮ ከመጣ ሰው ያን ሁሉ በ4 ሰዓት እጥበት ማውጣት ደም ግፊቱን ዝቅ ያደርገዋል፣ ባቱንም ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል።

ስለዚህ በርበሬውን ያለ ጨው ለብቻ ማስፈጨት፣ ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በሎሚ መፈለግ። የቀኑን ፈሳሽ ጠዋት በሃይላንድ ለክቶ ማስቀመጥ፤ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት የተሸናው መጠን ሲደመር 500 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሐኪሙ የሰጣችሁ ቁጥር ካለ ግን እሱ ይበልጣል። ሻይ፣ ሾርባ፣ እርጎም ይቆጠራሉ። በቡና ሲኒ መጠጣት ያብቃቃል፤ አፍ ሲደርቅ ተጉመጥምጦ መትፋት። «ለጤና የሚሆን ጨው» እየተባለ ከሚሸጠው ግን ተጠንቀቁ! አብዛኛው ፖታሲየም ያለበት ነው፣ የልብ ምትን ያዛባል።

ሌሊት የሚያሳክካቸውም ብዙ ናቸው። አንዱ ምክንያት ከምግብ ገብቶ ደም ውስጥ የሚጠራቀም ፎስፌት የተባለ ማዕድን ነው፣ ሌላው የቆዳ ድርቀት። ፎስፌት እንዲይዝ የታዘዘ ካልሲየም ካርቦኔት በባዶ ሆድ ሲዋጥ ሥራውን አይሠራም፤ የሚይዘው ከምግቡ ጋር ሆድ ውስጥ ሲገናኝ ነው። ከመኝታ በፊት የሚውጡት አሉ፣ ያሳዝናል። ለቆዳው ሽታ የሌለው ቫዝሊን፣ ገላ እርጥብ እንዳለ።

ለራስ ምታት ደግሞ ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ በራስ አይገዛም። የቀረውን ሽንት ያደርቃል።