የሞቀው ባልዲ

የምሠራው የቤት ዕቃ በሚመረትበት የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ገና ሲቃረብ ከቁርጥራጭ ትንንሽ የዛፍ ጌጦች እየሠራን ለደንበኞቻችንና ለሠራተኞቹ ቤተሰቦች እንሰጣለን። ኮከብ፣ መልአክ፣ ደወል፣ እርግብ። ዓመቱን ሙሉ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ ሲገጣጥም የከረመ ሰው ይህ ሥራ ሲመጣለት ፊቱ ይፈካል። እኔም በጣም እወደዋለሁ። የገጠመንን ነገር የምጽፈውም ሌሎች ይህን ሥራ ሳይፈሩ እንዲሠሩት ስለምፈልግ ነው።

ጌጦቹ የሚቆረጡት በስክሮል ሶው ነው። ላላየው ሰው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማሽን ነው። 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ቀጭን ምላጭ ከላይና ከታች ተወጥራ ትያዝና በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች ትመላለሳለች። ሠሪው እንጨቱን በእጁ እያዞረ ወደ ምላጯ ይገፋል። ቀጭን ስለሆነች ጠባብ ኩርባ ላይ እንኳ ትዞራለች። ትልቁ ክብ መጋዝ የማይሞክረውን ሁሉ ትሠራለች።

የምንጠቀመው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላይውድ ነው። ይህን የመረጥነው በምክንያት ነው። የተራ እንጨት ክር የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የመልአኩ ክንፍ ጫፍ ክሩን አቋርጦ ከወጣ፣ ቀጭኑን ቦታ ለመስበር ሁለት ጣት ይበቃል። ፕላይውድ ግን ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግረው ስለተጣበቁ በሁሉም በኩል ይጸናል። አራቱን እንደርብና ጠርዛቸውን በፕላስተር እናስራለን። ንድፉን ከላይ እንለጥፋለን። ከዚያ አንድ ጊዜ ቆርጠን አራት ጌጥ እናወጣለን።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚቆረጡት የውስጥ ክፍተቶች ናቸው። በድሪል ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ምላጯ ከላይ ትፈታለች፣ በቀዳዳው ታልፋለች፣ እንደገና ትወጠራለች። ለእያንዳንዱ ክፍተት እንዲሁ ነው። የውጪው ዙሪያ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ነው። ዙሪያውን ያስቀደመ ሰው በእጁ የሚይዘው ያጣል፤ ቀጫጭኑ ክፍልም በንዝረቱ ይሰበርበታል። ምላጯ ራሷም ትመረጣለች። የታችኞቹ ጥቂት ጥርሶቿ ወደ ላይ የዞሩት ዓይነት ከሥር በኩል እንጨቱን አትሸራርፍም። እንጨቱ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካመጣ አብዛኛውን ጊዜ ምላጯ ዶልዱማለች ማለት ነው፤ መቀየር እንጂ አጥብቆ መግፋት አያዋጣም።

ይህን ሁሉ ዋናው ባለሙያችን በዚያ ዓመት ለተቀጠረው ወጣት አንድ በአንድ አሳይቶታል። መነጽር፣ የአቧራ ጭንብል፣ የእጅ አቀማመጥ። ጣትህን ከምላጯ ፊት አታድርግ። ምላጭ ስትቀይር ማሽኑን ከሶኬት ንቀል። ልጁ ቀልጣፋ ነው፤ አንዴ የነገሩትን አይረሳም። ዓይናችን ሁሉ ማሽኑ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ዘይት መቀባት አለ። በስክሮል ሶው የተቆረጠ ጌጥ በክፍተት የተሞላ ነው። ብሩሽ ውስጡ በደንብ አይደርስም። ስለዚህ ጌጡን ዘይት ውስጥ ነክረን እናወጣና ትርፉን በጨርቅ እንጠርጋለን። የእንጨቱ መልክ ወዲያው ይደምቃል። ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚያምረው ይህ ሰዓት ነው። ግን አስቡት። እያንዳንዷ ክፍተት ዘይት ይዛ ትወጣለች። የያዘችውን የሚጠጣው ደግሞ ጨርቁ ነው። ካርቶን ሙሉ ጌጥ ተጠርጎ ሲያልቅ የሚተርፈው በዘይት የራሰ የጥጥ ጨርቅ ክምር ነው። ዘይቱ የተልባ ዘይት ነበር፤ ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀ፣ ቶሎ እንዲደርቅ ማድረቂያ የተጨመረበት።

ዕለቱ ለበዓል ከመዝጋታችን በፊት ያለው የመጨረሻው የሥራ ቀን ነበር። ሁሉም ለመውጣት ተጣድፏል። ወጣቱ ግን ቦታውን ሳያጸዳ መሄድ አልፈለገም። ጨርቆቹን ሰበሰበ። ሰጋቱራ ባለበት የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ጠቅጥቆ ከተታቸውና ባልዲውን ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው። ላየው ሰው የሚያስመሰግን ጽዳት ነው።

እኔና ዋናው ባለሙያ ስጦታዎቹን እያሸግን ቆየን። የጽዳት ሠራተኛችን በዕድሜ እናታችን ይሆናሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። መሽቷል። መጥረጊያቸውን እንደያዙ ወደ እኛ መጡ።

«ልጆቼ፣ እዚያ ጠረጴዛ ሥር የሚሸተው ምንድን ነው?»

«የበራ ማሽን የለም እኮ እማማ። ሁሉንም አጥፍተናል።»

«ማሽን መች አልኩ። ባልዲውን ነው የምላችሁ። ነካሁት፤ ይሞቃል።»

ዋናው ባለሙያችን የያዘውን ካርቶን ጥሎ ተነሣ። ባልዲውን በእጀታው አንጠልጥሎ ወደ ውጪ ሮጠ። ሲሚንቶው ላይ አስቀምጦ የውሃ ጎማውን ለቀቀበት። እንፋሎት ወጣ። ውሃው ባልዲውን እስኪሞላ ጠብቆ ጨርቆቹን በዱላ ሲገላልጥ፣ መሐል ላይ የነበሩት ጠቁረዋል። ክብሪት የጫረ የለም። ሲጋራ ያጨሰ የለም። በአጠገቡ የኤሌክትሪክ ገመድ እንኳ አልነበረም። ቤቱ ግን እንጨት፣ ሰጋቱራና ቫርኒሽ የሞላበት ነው። በማግሥቱም የሚከፍተው ሰው አልነበረም።

የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ ወይም እንደ ቤንዚን ተንኖ አይደለም። ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል፣ ከኦክስጅኑ ጋር ይዋሐዳል፣ ከዚያ ይጠነክራል። እንጨቱን የሚጠብቀውም ለዚሁ ነው። ይህ ውሕደት ሙቀት ያወጣል። እንጨት ላይ በስሱ የተቀባ ዘይት ሙቀቱ ወዲያው ስለሚበተን ማንም አያስተውለውም። ጨርቅ ላይ ግን ዘይቱ በክሮቹ ሁሉ ተሠራጭቶ ብዙ አየር ያገኛል። ጨርቁ ከተጠቀለለ ወይም ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሳይደርቅ የተከመረ ሣር ውስጥ ውስጡን እንደሚግል ማለት ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ውሕደቱ ይፈጥናል፤ ውሕደቱ ሲፈጥን ሙቀቱ ይብሳል። በሰዓታት ውስጥ ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ማድረቂያ የተጨመረበት ዘይት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል።

ይህ የእኛ የብቻችን ገጠመኝ አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23፣ ቅዳሜ ማታ፣ አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለ ባለ 38 ፎቅ ሕንጻ በእሳት ተያያዘ። እሳቱ የተነሣው 22ኛው ፎቅ ላይ፣ የግድግዳ እንጨት ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች ትተውት ከሄዱት የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ነው። ከ18 ሰዓት በላይ ነደደ። 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ወደ ላይ መውጣቱን ያቆመው 30ኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ነው፤ እዚያ በሙቀት የሚከፈት የውሃ መርጫ ተገጥሞ ነበር። እንደኛው ሁሉ እዚያም ሠራተኞቹ ሥራ ጨርሰው ሄደው ነበር። ይህን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ የዘይት ጨርቅን እንደ ተራ ቆሻሻ ማየት አልቻልኩም።

ወጣቱ ሲሰማ ደነገጠ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አጽድቼ ነው የሄድኩት» አለው ዋናውን ባለሙያ።

«አውቃለሁ። ይህን ከመጋዙ እኩል ልትማረው ይገባ ነበር።»

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ስለ ጣትና ስለ ምላጭ የምናስተምረውን ያህል ስለ ጨርቁም ማስተማር አለብን። የዘይቱ ቆርቆሮ ላይ ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፤ ግን ከጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ዘይት ሲፈስበት በሚጠፋበት ቦታ። የሰው ቤት ሊያነድ የሚችል ነገር እንደዚያ መጻፍ የለበትም። ይህ አሁንም ያናድደኛል።

አሁን ከመንከሪያው አጠገብ ጥብቅ ክዳን ያለው የብረት በርሜል አለ። ውስጡ ውሃ ነው። ጨርቁ ሥራው እንዳለቀ፣ ሳይጠቀለልና ሳይጠብቅ፣ እዚያ ይገባል። ወይም ውጪ ሽቦ ላይ አንድ በአንድ ተዘርግቶ፣ ሳይደራረብ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ እንዲደርቅ ይደረጋል። ደርቆ እንደ ካርቶን ሲገተር ሥጋቱ አልፏል። ባልዲው ውስጥ ሰጋቱራና ጨርቅ አብረው አይገቡም። የመጨረሻው ሰው ከመውጣቱ በፊት በርሜሉን ያያል። እማማም ቁልፍ ከመቆለፉ በፊት አንድ ዙር ይዞራሉ፤ ይህን ያዘዛቸው ማንም የለም።

ቤት ውስጥ ጌጥ ለምትሠሩ ይበልጥ እሠጋለሁ። ሥራው የሚያልቀው ማታ ነው። ጨርቁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል፣ ቤተሰብ ይተኛል። ከተልባ ዘይት ሌላ ከዛፍ ፍሬ የሚጨመቁት የተንግና የዎልነት ዘይት፣ ዴኒሽ ኦይል የሚባለው ድብልቅ፣ ብዙዎቹ በዘይት የተበጠበጡ ቀለሞችና ቫርኒሾችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ሚኔራል ኦይል አይደርቅም፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ አይሞቅም። በውሃ የሚበጠበጥ ቫርኒሽም ይህ ጠባይ የለውም። የምትጠቀሙትን ካላወቃችሁ ሁሉንም እንደ ተልባ ዘይት ቁጠሩት።

ጌጦቹን ራሳቸውን አትፍሩ። በክር አንጠልጥላችሁ አየር እንዲያገኛቸው አድርጉ፤ ሽታቸው እስኪጠፋና ሲነኩ እስከማይጣበቁ ድረስ አታሽጓቸው። በጨርቅ ፈንታ የወረቀት ፎጣ የምትጠቀሙም ካላችሁ፣ እሱም ዘይት ከጠጣ በኋላ ከጨርቅ አይለይም።